ቲክቶክ ላይ የታየ ጥፋት ያስቀጣል?

ከመስቀል አደባባይ በሚነሳው የጉዞ ቡድናችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለጭላዳ ዝንጀሮ ዳቦ ሲሰጥ በቪዲዮ የታየ ሰው፣ በዚያ ብቻ ይቀጣል?

ቪዲዮው መነሻ ጥቆማ ነው። ለፓርኩ ሠራተኞች የትኛው ቦታ ላይ ዓይናቸውን መጣል እንዳለባቸው ያሳያል። ሰውን በሕግ ለመጠየቅ ግን መጣራት ያለበት ብዙ ነው። ዛሬ የተለጠፈው የዓምና ሊሆን ይችላል። የለጠፈው ሰውም ከሌላ ሰው ገጽ ወስዶት ይሆናል፤ እንዲህ የሚያደርግ ስንት አለ! ዳቦው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የጭላዳ ዋና ምግብ ሣር ነው። የሰው ምግብ ከለመደ ጎብኚ መጠበቅ ይጀምራል።

እርግጡን ልንገራችሁ፦ የዱር እንስሳት ሕግ ተቀረጻችሁም አልተቀረጻችሁም ይሠራል። የየፓርኩ ዝርዝር መመሪያ ግን ይለያያል። አንዳንዱን ፓርክ ፌዴራል፣ አንዳንዱን ክልል ነው የሚያስተዳድረው። ስለዚህ በር ላይ ጠይቁ።

ደግሞም ፖስት የለም ማለት ጥፋት የለም ማለት አይደለም። ዛፍ ቆርጦ እሳት የሚያነድ ሰው ሰልፊ አይለጥፍም።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ ካያችሁ ሊንኩን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ላኩ። ግሩፕ ላይ እየተቀባበላችሁ ሰው አታሰድቡ።