ሃይኩ ምንድን ነው? ወርቅ የሌለው ሰም

ባለፈው ክረምት ጎጃም፣ እህቴ ቤት ሰነበትኩ። አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ የአሥር ዓመት ልጇን በረንዳ ላይ አስቀምጬ «ያየሽውን ጻፊልኝ» አልኳት። ወረቀቱን ሞላችው። ዝናብ የፈጣሪ ስጦታ ነው፣ ዝናብ የገበሬው ተስፋ ነው፣ ዝናብ ሕይወት ነው። የወላጆች በዓል ላይ የሚነበብ ዓይነት።

«ይሄን ሁሉ አሁን አየሽው?» ስላት ሳቀች።

ሃይኩን ያነሳሁባት ያኔ ነው። ሃይኩ የጃፓኖች አጭር ግጥም ነው። ሦስት ሐረግ አለው፤ 5፣ 7፣ 5፣ ድምሩ 17 ድምፅ። ድሮ ብቻውን የሚቆም ግጥም አልነበረም። ሰዎች ተሰብስበው እየተቀባበሉ የሚገጥሙት ረጅም ግጥም መክፈቻ ነበር። ቆይቶ ራሱን ቻለ። ሃይኩ የሚለውን ስም ያስያዘው ማሳኦካ ሺኪ የተባለ ገጣሚ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ።

ከሁሉም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1686 የወጣው የማትሱኦ ባሾ ግጥም ነው። ያረጀ ኩሬ አለ። እንቁራሪት ዘላ ትገባለች። የውሃው ድምፅ ይሰማል። በቃ፣ አለቀ። እንቁራሪቷ የማንም ምሳሌ አይደለችም።

ለልጅ የሚመቸውም ይሄ ነው። ቤት ማስመታት የለም፣ ከባድ ቃል የለም። ማየት ብቻ።

ቆጠራውስ? እኔ ፊደል አስቆጥራለሁ። «ቅጠል» ሦስት፣ «ጠብታ» ሦስት። በጆሮ ከሄድን «ጠብታ» ሁለት ምት ናት፤ «ብ» ድምጿ ተውጧል። ግን የጃፓኖቹም አቆጣጠር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አገራቸውን «ኒሆን» ሲሉ ሦስት ብለው ይቆጥራሉ፤ ኒ፣ ሆ፣ ን። ብቻዋን የቀረችውን «ን» አይዘሏትም። ፊደል የቆጠረ ልጅ እንግዲህ ብዙ አልተሳሳተም። ስድስት ወይም ስምንት ቢሆንበትም አልቆጣም። ለቁጥሩ ሲል የማያስፈልግ ቃል ሲሰነቅር ግን አስቆመዋለሁ።

ከቁጥሩ ይልቅ የምወደው የወቅት ቃሉን ነው። በባህላዊው ሃይኩ ውስጥ ወቅቱን የሚናገር አንድ ቃል ይኖራል። የቼሪ አበባ ካለ ጸደይ ነው። ቃላቱን በየወቅታቸው የሚዘረዝር መዝገብ ሳይቀር አላቸው። እንቁራሪት እነሱ ጋ የጸደይ ናት። እኛ ጋ ግን ክረምት ሲገባ ነው ጩኸቷ ሌሊቱን የሚይዘው። ስለዚህ የእነሱን መዝገብ ወስዶ ለጎጃም ልጅ መስጠት ዋጋ የለውም፤ የራሱን ይሥራ። አደይ አበባና የመስቀል ወፍ ለመስከረም። እሸት ለጥቅምት። የጮቄ ተራራ ውርጭ፣ የጤፍ አውድማ ለበጋ። መጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ የሚሸተው አፈር። ጉም፣ ጭቃ፣ የረጠበ ማገዶ ጭስ። ልጆቹን ብትጠይቋቸው ከእናንተ በላይ ያውቃሉ፤ ከብት የሚያግደው በተለይ።

ሌላው ነገር መቁረጫው ነው። ግጥሙ መሀል ላይ ትንፋሽ ይቆረጣል፤ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። «ስለዚህ» ብሎ የሚያያይዛቸው የለም። ጃፓንኛው ለዚህ የተለየ ቃል አለው። እኛን አራት ነጥብ ይበቃናል።

አሁን ወደ ችግሩ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ። አጭር ግጥም እዚህ ብርቅ አይደለም፤ ጉባኤ ቃና የምትባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ናት። ግን ቅኔ የለመደ ጆሮ ሰም ሲሰማ ወርቁን ይፈልጋል። ሃይኩ ደግሞ ሰሙ ላይ ቁጭ በል ይላል። ሰም ለበስ ሳይሆን ሰም ብቻ! ለኛ ሰው ይሄ ከባድ ነው፤ ለእኔም ጭምር።

ልጅቷ በረንዳው ላይ እንደገና ሞከረች። «እንደ» የምትለዋን ቃል ከለከልኳት። «ውብ» የሚለውንም። ጓሮውን ብዙ ጊዜ አየችው። ዶሮዎቹ ከቤቱ ሥር ወጡ። በጣቷ እየቆጠረች፣ እየሰረዘች ይሄን ጻፈች፦

ዝናቡ ቆመ።
ጌሾ ቅጠል ላይ
ጠብታ ቀረ።

አምስት፣ ሰባት፣ አምስት። ቁጠሩት።

ማታ ቡና ላይ አነበበችው። በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩ ጎረቤት ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟትና ፈገግ አሉ። «ጎሽ! ጠብ ቀረ አልሽ? ዕርቅ ወረደ ማለትሽ ነው!»

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ወደሳቸው ዞረች።

«አይ አባባ፣ ጠብታው ነው። ጌሾው ላይ ያለው። ይምጡ ላሳይዎት።»

በዚያ ጨለማ ባትሪ ይዛ ወደ ጓሮ መራቻቸው።