«ኤኤፍዴ ካሸነፈ ሁላችንንም ይጭኑናል»፦ ስለ ጀርመኑ ፓርቲ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጀርመን ውስጥ የምርጫ ውጤት በተሰማ ማግሥት የሐበሻው ስልክ አያርፍም። «አማራጭ ለጀርመን»፣ ሁሉም በምህጻሩ ኤኤፍዴ የሚለው ፓርቲ፣ ድምፁ ጨመረ በተባለ ቁጥር ያው ወሬ እንደ አዲስ ይዞራል፤ ሊጭኑን ነው፣ ፓስፖርት ሊነጥቁን ነው፣ ከእንግዲህ ማመልከት ዋጋ የለውም። ፓርቲው ማደጉ ሐሰት አይደለም። የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰሩ ቤርንድ ሉከና ሌሎች የዩሮ ተቃዋሚዎች በ2013 ሲያቋቁሙት (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 4.7 በመቶ አግኝቶ ከፓርላማው ደጃፍ ተመልሶ ነበር። በ2017 12.6 በመቶ አገኘ፤ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025 ደግሞ 20.8 በመቶ አግኝቶ በ152 መቀመጫ ሁለተኛው ትልቅ ፓርቲ ሆነ። ይህን አይቶ መደንገጥ ያለ ነው። የሚያበሳጨው በድንጋጤ የሚሰጠው ምክር ነው። «ቆይ እስኪ ነገሩ ይጥራ» ተብለው ፋይላቸውን መሳቢያ ውስጥ የቆለፉ ሰዎች፣ ፓርቲው ሊያደርስባቸው ከሚችለው በላይ ራሳቸውን እየጎዱ ነው።

«አንደኛ ከወጣ በማግሥቱ አገሪቱን ይረከባል»

አይረከብም። አንደኛ መውጣት በራሱ ሥልጣን አይሰጥም፤ ምክር ቤት ውስጥ ተቆጥሮ የሚገኝ ድምፅ ነው የሚሰጠው። በምሥራቅ ጀርመን ያለችውን የቱሪንግያን ግዛት ተመልከቱ። ሴፕቴምበር 2024 ላይ ኤኤፍዴ 32.8 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ ከ88ቱ መቀመጫ 32ቱን ያዘ። የግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ግን የክርስቲያን ዴሞክራቱ ማሪዮ ፎይግት ናቸው። በፌደራል ደረጃም መራሔ መንግሥት ለመሆን ከ630 እንደራሴዎች የ316ቱ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ድምፁም የሚሰጠው በምስጢር ነው። ፍሪድሪኽ ሜርስ 328 መቀመጫ ያለው ጥምረት ይዘው እንኳ ሜይ 6 ቀን 2025 በመጀመሪያው ዙር 310 አግኝተው ወደቁ፤ የተመረጡት በዚያው ቀን በሁለተኛው ዙር ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያማ ከ50 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ምንም አያመጣም» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ይሄም ስሌቱን አለማወቅ ነው። 5 በመቶ ያልሞላ ፓርቲ በጥቅሉ መቀመጫ አያገኝም፤ ድምፁ ከስሌት ይወጣና ክፍፍሉ በቀሩት መካከል ይሆናል። በ2025 የዛራ ቫገንክኔሽት ፓርቲ በ4.98፣ ነጻ ዴሞክራቶቹ በ4.3 በመቶ ውጭ ቀሩ፤ ከሌሎቹ ትናንሽ ፓርቲዎች ጋር ሲደመር 14 በመቶ ገደማ የሚሆነው ድምፅ ያለ መቀመጫ ቀረ። በዚህ የተነሳ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹና ሶሻል ዴሞክራቶቹ በ44.9 በመቶ ድምፅ ከግማሽ በላይ መቀመጫ ያዙ። ትናንሾቹ በርከት ብለው በሚወድቁበት ግዛት አንድ ፓርቲ በ40ዎቹ በመቶ ብቻውን ሊገዛ ይችላል ማለት ነው። ሳይገዛም ማሰር ይችላል፤ ቱሪንግያ ውስጥ ያሉት 32 መቀመጫዎች ከሲሶ ስለሚበልጡ፣ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚጠይቅ ጉዳይ ሁሉ፣ የዳኞች አስመራጭ ኮሚቴ ምርጫ ሳይቀር፣ ያለ ኤኤፍዴ ፈቃድ አያልፍም።

«ዜግነት ብትወስድም ይነጥቁሃል፣ አታመልክት»

ከሁሉ የሚያናድደው ይህ ነው። ብዙ ሰው ያስቀረውም እሱ ነው።

የጀርመን መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 16 የጀርመን ዜግነት አይገፈፍም ይላል። ይህ በ1949 የተጻፈው ናዚዎች አይሁዶችንና ተቃዋሚዎቻቸውን ዜግነት ገፈው ስለነበር ነው። ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ ከፌደራሉ ፓርላማ ከቡንደስታግ 420፣ ከግዛቶቹ ምክር ቤት ከቡንደስራት ደግሞ ከ69ኙ 46 ድምፅ ያስፈልጋል። በ152 መቀመጫ የሚታሰብ አይደለም። ኤኤፍዴ በፕሮግራሙ የሚፈልገው ዜግነት ለማግኘት የሚጠየቀውን የመኖሪያ ዘመን ማራዘምና ጥምር ዜግነትን ማጥበብ ነው። ይህን ደግሞ ተራ የፓርላማ ብልጫ ያለው መንግሥት ሊያደርገው ይችላል። የሚመታው ማንን ነው? ገና ያልወሰደውን። «ይነጥቁሃል» ተብሎ የሚቆየው ሰው የተቀመጠው ልክ መምቻው ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጁን 27 ቀን 2024 የጸናው ሕግ የመኖሪያ ዘመኑን ከ8 ወደ 5 ዓመት አወረደ፤ በቋንቋና በሥራ ለበረቱ ደግሞ የ3 ዓመት መንገድ ከፈተ። ኦክቶበር 2025 ላይ የሜርስ መንግሥት ያንን የ3 ዓመት መንገድ ዘጋው። በዚያ የወሰዱት ዛሬም ዜጎች ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም። አመልክተው ውሳኔ ያልደረሳቸው ግን ቀረባቸው፤ የሚታየው ያመለከቱበት ቀን ሕግ ሳይሆን ውሳኔ የተሰጠበት ቀን ሕግ ነውና። የሦስት ወር መዘግየት ዋጋው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

እንግዲህ መስፈርቱን ያሟላችሁ፦ 5 ዓመት ሕጋዊ ኑሮ፣ የጀርመንኛ ቤ-አይንስ ምስክር ወረቀት፣ ራስንና ቤተሰብን የሚያስተዳድር ገቢ፣ የዜግነት ፈተና። ፈተናው 33 ጥያቄ ነው፤ 17 የመለሰ ያልፋል፤ ክፍያው 25 ዩሮ፣ ጊዜው 60 ደቂቃ። እዚያው ጀርመን ትምህርት ቤት የጨረሰ አይፈተንም። ማመልከቻው ለአዋቂ 255፣ ከወላጅ ጋር ለሚያመለክት ልጅ 51 ዩሮ ነው። ጀርመን ጥምር ዜግነት ስለፈቀደ ሁለቱንም እይዛለሁ የሚል ካለ ደግሞ፣ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይሄ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) አይፈቅድለትም። የጀርመኑን የወሰደ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ የሚቀረው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው፣ ቢጫ ካርዱ ነው።

የተሰጠ ዜግነት በእርግጥ የሚሰረዝበት ዋናው መንገድ ሌላ ነው፤ በማታለል፣ በጉቦ ወይም አውቆ በሰጠው የሐሰት ቃል የተገኘ ከሆነ። ለዚህም ቢሮው ያለው ጊዜ 10 ዓመት ነው። ወደኛ ሲመጣ ይህ ቀልድ አይደለም። ጥገኝነት ሲጠይቅ በአንድ ስም፣ በአንድ የልደት ቀን ወይም የሌላ አገር ሰው ነኝ ብሎ ተመዝግቦ፣ ኋላ ኤምባሲ ሄዶ ሌላ ፓስፖርት ያወጣ ሰው ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኙበታል። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲዞር የተሳሳተ ልደት፣ የአያት ስም ቀርቶ የአባት ስም ብቻ የተጻፈበት መታወቂያ፣ እነዚህ በልደት ምስክር ወረቀትና በማብራሪያ ደብዳቤ ይስተካከላሉ። ሆን ተብሎ የተቀየረ ማንነት ከሆነ ግን ከማመልከታችሁ በፊት ጠበቃ ጋ ሂዱ፤ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ጠበቃውም እጁ ይታሰራል።

«በአውሮፕላን ሞልተው በአንድ ሌሊት»

ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። በኖቬምበር 2023 ፖትስዳም ውስጥ የኤኤፍዴ ሰዎች የተገኙበት ስብሰባ ሰዎችን በብዛት ስለ ማስወጣት መነጋገሩ ጃንዋሪ 2024 ላይ ሲዘገብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጥቷል። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃድ አንድ በአንድ ነው የሚሰረዘው፤ በጽሑፍ፣ በምክንያት፣ ፍርድ ቤት በሚታይ ውሳኔ። ዱልዱንግ ብቻ የያዘ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይኖረው መባረሩ ለጊዜው የቆመለት ሰው አደጋው እውነተኛ ነው፤ እሱ ግን ኤኤፍዴን መጠበቅ አያስፈልገውም፣ ዛሬም ይባረራል።

ጉዳቱ የሚመጣው በጠረጴዛው በኩል ነው። የመኖሪያ ሕጉን የሚያወጣው ቡንደስታግ ነው፤ የሚያስፈጽመው ግን የከተማው ወይም የወረዳው የውጭ ዜጎች ቢሮ፣ መመሪያ የሚሰጠው የግዛቱ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር። በጁን 2023 ዞነበርግ ውስጥ ሮበርት ዜሰልማን የመጀመሪያው የኤኤፍዴ የወረዳ አስተዳዳሪ ሆነው ሲመረጡ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላገኙም፤ ቢሮውን ግን ይመራሉ። ሕጉ «ይሰጣል» በሚልበት ቦታ ቢሮው መከልከል አይችልም። «ሊሰጥ ይችላል» በሚልበት ቦታ፣ ቀጠሮ በማዘግየት፣ አንድ ወረቀት ደጋግሞ በመጠየቅ፣ ብዙ ማድረግ ይቻላል።

መከላከያውም ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። ፈቃዳችሁ ከማለቁ በፊት ማደሻውን አስገቡ፤ ተርሚን (ቀጠሮ) አጣሁ ብሎ መቀመጥ ሰበብ አይሆንም። በኢሜይል ወይም በቢሮው ድረ ገጽ ላኩና የደረሰበትን ማረጋገጫ አትማችሁ ያዙ። በጊዜው ያመለከተ ሰው የድሮው ፈቃዱ ውሳኔ እስኪሰጥ ይቀጥልለታል፤ ፊክስዮንስበሻይኒጉንግ የሚባለውን ወረቀትም ያገኛል። ያ ታጥፎ የሚሰጠው ወረቀት ውስጥ የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 ንኡስ ቁጥሮች የተጻፈባቸው ሳጥኖች አሉ፤ ምልክቱ የቱ ላይ እንዳለ ሳታዩ ከቢሮው አትውጡ። ንኡስ ቁጥር 4 ላይ ከሆነ ሥራውም ይቀጥላል፣ ወጥቶ መመለስም ይቻላል። ንኡስ ቁጥር 3 ላይ ከሆነ አዲስ አበባ ደርሶ በዚያ ወረቀት መመለስ የለም። ቢሮው ያለ በቂ ምክንያት ከሦስት ወር በላይ ዝም ካለ በአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል፤ ፋይሉ ጎዶሎ ከሆነ ግን ዳኛው ለቢሮው ይፈርዳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጨመር። ያልተወሰነ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ቢሮውን አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ከ6 ወር በላይ ከጀርመን ውጭ ከቆየ ፈቃዱ በሕግ ይቃጠላል፤ 15 ዓመት በሕጋዊነት የኖረና ኑሮው የተረጋገጠ ካልሆነ በቀር። አገር ቤት ቤት ሲያሠራ ሰባት ወር የከረመ ሰው ፈቃዱን የሚያጣው ኤኤፍዴ ሳይነካው ነው። በስደተኛነት ከለላ ያገኘ ሰውማ ወደሸሸው አገር ለሠርግ ሲመላለስ ከለላው እንደሚነሳበት ደጋግሞ መንገር አሰልቺ ሆኗል።

«ኤኤፍዴ ካልገዛ ምንም አይለወጥም»

ሁለተኛ ደረጃ ከለላ ያላቸው (ሙሉ ስደተኛነት ያልተሰጣቸው) ሰዎች ቤተሰባቸውን እንዳያስመጡ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያገደው ሕግ የወጣው ኤኤፍዴ በሌለበት መንግሥት ነው። ሌሎቹ ፓርቲዎች ድምፅ እንዳይሸሻቸው የሚያደርጉት ይኸው ነው። «አብረነው አንሠራም» የሚለው ቃልም ቢሆን ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ተሰንጥቋል፤ የሜርስ የስደት የውሳኔ ሐሳብ በኤኤፍዴ ድምፅ አለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ የቀረበው ረቂቅ ሕግ ግን ወደቀ።

«እኛ ክርስቲያን ነን፣ እንሠራለን፣ እኛን አይሉም»

የባቡር ጣቢያ ፍተሻ ላይ ማዕተብ የሚያይ የለም።

«የምሥራቁ ጣጣ ነው»

በመቶኛ አዎ፤ በ2025ቱ የፌደራል ምርጫ ቱሪንግያ ውስጥ 38.6 ደርሷል። በሰው ብዛት ግን አብዛኛው መራጩ ያለው ምዕራቡ ውስጥ ነው። በ2025 የሩር ከተማዋ ጌልዘንኪርሽን ውስጥ ለፓርቲዎች በሚሰጠው ድምፅ አንደኛ ወጥቷል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በከንቲባ ምርጫ ሁለተኛ ዙር ግን እዚያው ጌልዘንኪርሽን፣ ዱይስቡርግና ሃገን ውስጥ በሦስቱም ተሸንፏል። «ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚመርጡት» የሚለውም ተገላቢጦሽ ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው በጣም የሚሸሹት።

«ፍርድ ቤት ያግደዋል፣ ያልቃል»

ጠያቂዎቹ ቡንደስታግ፣ ቡንደስራትና የፌደራሉ መንግሥት ብቻ ናቸው፤ ለማገድም ከ8ቱ ዳኞች 6ቱ መስማማት አለባቸው። እስከ ዛሬ የታገዱት ሁለት ናቸው፣ አንዱ በ1952፣ ሌላው በ1956። ኤንፔዴ የተባለው ፓርቲ ላይ በዲሴምበር 2013 የቀረበው ጥያቄ ጃንዋሪ 2017 ውድቅ ሆነ፤ ዓላማው ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ግን አቅም የለውም ተብሎ። የኤኤፍዴ ችግር አቅም ማጣት አይደለም። የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሜይ 2025 «የተረጋገጠ ቀኝ አክራሪ» ብሎ መፈረጁ ደግሞ እገዳ አይደለም፤ ፓርቲው ከሶ ፍረጃው በቀናት ውስጥ ለጊዜው እንዲቆም ተደርጓል።

«የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?»

የቫገንክኔሽት ፓርቲ 5 በመቶውን የሳተው በመላው ጀርመን ከ10 ሺህ ባነሰ ድምፅ ነው። ገብቶ ቢሆን የሜርስና የሶሻል ዴሞክራቶቹ ጥምረት 316 አይሞላም ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት አባል ያልሆነ አገር ዜጋ ጀርመን ውስጥ የከተማ ምክር ቤት እንኳ አይመርጥም፤ ስለዚህ ከላይ ወዳለው ዜግነት ተመለሱ። ዜጋ የሆናችሁ ደግሞ ወረቀቱን እወቁት። በግራ በጥቁር የታተመው የወረዳችሁ ዕጩ ነው። በቀኝ በሰማያዊ የታተመው የፓርቲው ነው፤ የመቀመጫውን ብዛት የሚወስነው ይኸኛው ነው። ግራውን አስምሮ ቀኙን ባዶ የተወ ሰው ዋናውን ድምፁን ጣለው። በየዓምዱ አንድ ምልክት ብቻ፤ ሁለት ካደረጋችሁ የዚያ ዓምድ ድምፅ ይበላሻል፣ ስም ወይም አስተያየት መጻፍም እንደዚያው። የምርጫ ጥሪው ደብዳቤ ጠፋ ብላችሁ አትቅሩ፤ መዝገብ ላይ እስካላችሁ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይበቃል። በፖስታ የምትመርጡ ከሆነ የምርጫ ወረቀቱ ብቻ ትንሹ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ይታሸግ፤ የፈረማችሁበት የመራጭነት ቅጽ ከትንሹ ፖስታ ጎን ቀዩ ውስጥ ይግባ። ቀዩ ፖስታ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መድረስ አለበት፤ ሰኞ የደረሰ አይቆጠርም።