ኮዱ ይታያል፤ ፈቃዱስ?

ባለፈው ሳምንት ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን አዞረልኝ። ለአንድ የጭነት ድርጅት የመጋዘን ሲስተም ሠርቶ ሊያስረክብ ሁለት ቀን ቀርቶታል። «አቦ፣ ሁሉም ኦፕን ሶርስ ነው፣ አታስብ» አለኝ፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ይጠቀምበታል ማለቱ ነው። ፎልደሩን ከፍተን «ላይሰንስ» (ፈቃድ) የሚለውን ፋይል አነበብን። ሪፖርት የሚያወጣለት ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ) ላይ «ለንግድ ላልሆነ ሥራ ብቻ» የሚል ተጽፏል። ሻዩን ሳይጨርስ ተወው።

እሱ ብቻ አይደለም። ድሬ ላይ ኮድ ከሚጽፉ ልጆች ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ።

«ጊትሀብ ላይ ካለ ነፃ ነው»

አይደለም። ጊትሀብ ሰዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ነው፤ እዚያ ኮዱን ማየትና እንደልብ መጠቀም ለየቅል ናቸው። ኦፕን ሶርስ የሚባለው በ1998 የተቋቋመው ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ ያወጣውን መስፈርት የሚያሟላ ፈቃድ ሲኖረው ነው (ፈቃድን በተመለከተ የምጠራቸው የውጭ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከመስፈርቶቹ አንዱ ማንኛውንም የሥራ መስክ፣ ንግድንም ጭምር፣ አለመከልከል ነው። ኮዱን እያሳየ አንዳንድ አጠቃቀምን የሚከለክለው «ሶርስ አቬይለብል» ይባላል። የመረጃ ማከማቻው ሞንጎዲቢ በ2018፣ ሰርቨሮችን በኮድ የሚያዘጋጀው ቴራፎርም በ2023፣ መረጃን በፍጥነት የሚያቀርበው ሬዲስ በ2024 ወደዚህ ጎራ ገቡ። ሬዲስ በ2025 የኦፕን ሶርስ አማራጭ መልሶ ጨምሯል። ስለዚህ የሶፍትዌሩን ስም ሳይሆን የያዛችሁትን ቨርዥን እዩ።

ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድስ? እሱ ይብሳል። የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ መብቱም ምዝገባ ሳያስፈልገው ሥራው ሲፈጠር ይገኛል። ባለቤቱ ዝም አለ ማለት ፈቀደ ማለት አይደለም።

«ድርጅት ከተጠቀመበት መክፈል ግድ ነው»

ይህ ደግሞ ሰውን በከንቱ ያስፈራል። ከሶርስ አቬይለብሎቹ ኤን ኤይት ኤን የሚባለውን፣ ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራ ሶፍትዌር እንውሰድ። ሳቢያን ያለ ፋርማሲ መድኃኒት ሲያልቅ መልእክት እንዲደርሰው ለራሱ ሥራ ቢጠቀምበት አይከፍልም። እናንተ ሄዳችሁ ገጥማችሁ የእጃችሁን ዋጋ ብትቀበሉም ችግር የለም። ነገር ግን በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ጭናችሁ ታይዋን ገበያ ላሉ አሥር ሱቆች በየወሩ እያስከፈላችሁ ብታስገቧቸው፣ የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ሶፍትዌሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የምትሸጡት ነገር ነው። መጀመሪያ ሙያችሁን ሸጣችሁ፣ አሁን ግን ሶፍትዌሩን ራሱን።

ቴራፎርም የሚወጣበት «ቢዝነስ ሶርስ ላይሰንስ» ደግሞ ጠለቅ ብሎ መነበብ አለበት። መሠረቱ ለሙከራ እንጂ ለዋናው ሥራ አይፈቅድም። ባለቤቱ ግን «ተጨማሪ ፈቃድ» ብሎ የሚጨምራት አንቀጽ አለች፤ ሁሉ ነገር ያለው እዚያች ላይ ነው። የቴራፎርሟ ከባለቤቱ ምርቶች ጋር የሚፎካከር አገልግሎት እስካልሸጣችሁ ድረስ ለዋናው ሥራም ትፈቅዳለች። አንዱ ቨርዥን ከወጣ ቢበዛ በ4 ዓመት ውስጥ ደግሞ ወደ ኦፕን ሶርስ ይለወጣል። ከተፈቀደው ውጭ ለሚጠቀም ሰው ጽሑፉ ሁለት መንገድ ብቻ ይሰጣል፦ የንግድ ፈቃድ መግዛት ወይም መተው።

የጓደኛዬ ግን የሚያከራክር አልነበረም። ለንግድ አይሆንም ይላል፤ የጭነት ድርጅቱ ነጋዴ ነው።

«ፈቃዱ ከተቀየረ የድሮውም ተከለከለ»

በድሮው ፈቃድ የወጣው በድሮው ይቀጥላል። ሌሎች ሰዎች የድሮውን ኮድ ይዘው ቀጠሉበት፤ ቫልኪ የሚባለው ሶፍትዌር ከሬዲስ፣ ኦፕንቶፉ ከቴራፎርም የተወለዱት እንዲህ ነው።

«ትንሽ ነን፣ ድሬዳዋ ድረስ ማን ይመጣል?»

ይህን ስሰማ አዝናለሁ፤ የሚናገሩት ጎበዞቹ ልጆች ናቸውና። ማንም መምጣት አያስፈልገውም። ነገ ከነፃ ንግድ ቀጠናው አንድ ደንበኛ ሲስተማችሁ የተሠራባቸውን ክፍሎች ከነፈቃዳቸው ዘርዝሩልኝ ቢል፣ ምን ትሰጡታላችሁ? ውላችሁ ላይ የሌላ ሰው መብት አልነካሁም ብላችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ደግሞ አንዳንዱ ፈቃድ ትንሽነታችንን ራሱ አስቦበታል። ጌም የሚሠራበትን ሶፍትዌር፣ የአንሪል ኤንጂንን ኮድ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል፤ በእሱ የተሠራ ጌም ገቢው 1 ሚሊዮን ዶላር እስኪደርስ ባለቤቱ ድርሻ አይጠይቅም። ሳያነቡ መፍራትም፣ ሳያነቡ መድፈርም ያስከፍላል።

ጓደኛዬ ያን ማታ ለላይብረሪው ባለቤት ኢሜይል ጻፈ። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ገልጾ የንግድ ፈቃዱን ዋጋ ጠየቀ። መልሱ ቢመጣም ዶላሩን መክፈል ለእኛ ቀላል ስላልሆነ፣ ቁጭ ብሎ ሪፖርት የሚያወጣውን ክፍል ኤም አይ ቲ በሚባለው፣ ለንግድም በሚፈቅደው የኦፕን ሶርስ ፈቃድ በወጣ ሌላ ላይብረሪ ቀየረው። አራት ቀን ዘግይቶ አስረከበ። ለምን እንደዘገየም ለደንበኛው አንድ በአንድ ነገረው።