ዲኤልሲ ምንድን ነው? ለሞቶክሮስ ጨዋታ ተጨማሪ ይዘት መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው?

ባለፈው እሑድ ፒያሳ እኛ ቤት የእህቴ ልጅ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «ጋሼ፣ እነዚህን ሁለት ሞተሮች ብቻ ግዛልኝ» አለኝ። ጨዋታውን ከነዲስኩ የገዛነው ገና በመስከረም ነው። «ሙሉውን ከፍለን የለም እንዴ?» አልኩት። እሱም በትዕግሥት «ይኼ እኮ ዲኤልሲ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ዲኤልሲ ማለት ዋናው ጨዋታ ላይ ለመጨመር ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ ይዘት ነው። አንዳንዱ በነጻ ይሰጣል፤ አብዛኛው ግን ለብቻው ይሸጣል፤ ዋናው ጨዋታ ከሌለም አይሠራም። ክርክሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጨዋታ አምራቹ ቤቴዝዳ ለኦብሊቪየን ጨዋታ የፈረስ ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ከጌጥ ብዙም ላልተሻለ ነገር እንዴት እንከፍላለን ያሉ ተጫዋቾች ክፉኛ ተቆጥተው ነበር።

በሞቶክሮስ ጨዋታ ግን ጌጡን ከቁም ነገሩ መለየት ይቻላል፤ መለያውም መሬቱ ነው። ሞቶክሮስ የአፈር፣ የጭቃና የዝላይ የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። አዲስ ሜዳ ሲመጣ ሁሉንም እንደገና መማር ግድ ይላል፦ ፍሬን የት እንደሚያዝ፣ ከዝላዩ በፊት ምን ያህል ነዳጅ እንደሚሰጥ፣ ጎማው ቁልቁለቱ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ። የቤልጂጉ የሎመል ሜዳ አሸዋ ነው፤ እዚያ ነዳጅ የቀነሰ ሰው ይሰምጣል፤ በደረቅ መሬት የለመደው እጅ አይረዳውም። ስለዚህ ሜዳ የያዘ ጥቅል ብዙ ምሽት ያጫውታል። የራስ ቁርና ልብስ ግን በሁለተኛው ቀን ይረሳሉ። ሞተር መሐል ላይ ነው፤ በሞተር መጠን ከ250 ወደ 450 ሲሲ መሸጋገር አነዳዱን ይለውጣል፤ በዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ሌላ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ብቻ ነው አዲስ የሚሆነው።

ዋናው ጨዋታ ራሱ ሳስቶ የሚሸጥበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ኤምኤክስ ቨርሰስ ኤቲቪ አላይቭ» ትልልቅ ጨዋታዎች 60 ዶላር በሚሸጡበት ዘመን በ40 ዶላር ነበር የቀረበው፤ ሐሳቡም ቀሪውን በኋላ በዲኤልሲ መሸጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ሳይ ርካሽ አልለውም፤ ድምሩን እጠይቃለሁ።

ከመክፈል በፊት ነጻውን መጨረስ ይገባል። የኒንቴንዶው «ኤክሳይትባይክ» እ.ኤ.አ. በ1984 ተጫዋቹ የራሱን ሜዳ እንዲሠራ ፈቅዶ ነበር። የጣሊያኑ ማይልስቶን በሚያወጣቸው የሱፐርክሮስ (በስታዲየም ውስጥ የሚደረግ ሞቶክሮስ) ጨዋታዎችም ሜዳ መሥሪያ አለ፤ ሌሎች የሠሩትንም ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል። ሌላም ነገር አለ፦ የዘንድሮ ዲኤልሲ ለከርሞው እትም አይሻገርም። አዲሱ እትም ሊወጣ ሲቃረብ በሙሉ ዋጋ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

እኛ አገር ሒሳቡ ይከብዳል። ዋጋው በዶላር ነው፤ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር ያለፈው የምንዛሪ ሥርዓቱ በሐምሌ 2016 ከተለወጠ በኋላ ነው። ከለውጡ በፊት 285 ብር የነበረው የ5 ዶላር ጥቅል ዛሬ ከ500 ብር በላይ ነው፤ መክፈያ ካርዱን የሚያመጣልን ሰው የሚጨምርበት ሳይቆጠር።

ከዚህ የባሰው የክልል ጉዳይ ነው፤ ማለትም ጨዋታው ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተዘጋጀ፤ እኔንም አንድ ጊዜ አቃጥሎኛል። ዲስኩ ለአውሮፓ የተዘጋጀ ነበር፤ አካውንቴን የከፈትኩት ደግሞ በአሜሪካ ነው። ከፍዬ አወረድኩ፤ ጨዋታው ግን አላወቀውም። ገንዘቤም አልተመለሰም። የዲስኩን ሽፋን አገላብጦ ማየት ያድናል፤ የዕድሜ ምልክቱ ፔጊ (PEGI) ከሆነ የአውሮፓ፣ ኢኤስአርቢ (ESRB) ከሆነ የአሜሪካ ነው። አካውንቱም ከእሱ ጋር መስማማት አለበት።

ሁለቱን ሞተሮች አልገዛንም። ልጁ ትንሽ አኮረፈ፤ ከዚያ ተጫዋቾች ከሠሯቸው ነጻ ሜዳዎች አንዱን አወረድን። ሦስተኛው ዝላይ ላይ ሁልጊዜ አጥሮ ይወድቃል። ትናንት ማታ ግን ነዳጁን ትንሽ ቀደም ብሎ ሰጥቶ ቁልቁለቱ ላይ አረፈ፤ ጩኸቱ እናቱን ከማድ ቤት አስወጣት።