የመጫን አቅም ምንድን ነው? ቤት ለምትሆን መኪና

«ሃይሩፏ ሚኒባስ 12 ሰው ትጭን የለም እንዴ? ለሁለት ጡረተኛ አልጋና ምድጃ ምን ይከብዳታል?»

ባልና ሚስት ጡረታ ወጥተው ከባሕር ዳር እስከ አርባ ምንጭ እያደሩባት የሚሄዱባት መኪና ለማሠራት ባሰቡ ቁጥር ይህ ምክር ከአንዱ አፍ አይጠፋም። መካሪው ክፋት የለበትም። ግን «የመጫን አቅም» የሚለውን ቃል ያለ ቦታው እያዋለው ነው፤ በዚህ ስሕተት ፍሬን ይቃጠላል፣ ጎማ ይፈነዳል።

የመጫን አቅም ማለት ቀሪ ማለት ነው። አምራቹ «ከነሙሉ ጭነቷ ከዚህ በላይ እንዳትመዝን» ብሎ ከወሰነው ጠቅላላ ክብደት ላይ የመኪናዋ የራሷ ክብደት ሲነሣለት የሚተርፈው ኪሎ ነው። ሊብሬ ላይ በሰው ወይም በኩንታል ተጽፎ ስለሚገኝ የመኪናዋ ቋሚ ጠባይ ይመስላል። አይደለም። ተቀናሹ ባደገ ቁጥር ቀሪው ያንሳል፤ ቤት ሠራንባት ማለት ደግሞ ተቀናሹን አሳደግነው ማለት ነው።

12 ሰው በ65 ኪሎ ቢታሰብ 780 ኪሎ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ተሳፋሪ መናኸሪያ ሲደርስ ይወርዳል፤ አልጋው አይወርድም። ሞላው፣ ጎማውና ኩሽኔታው ሌት ተቀን እንደተሸከሙት ናቸው።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ነገሩን በታንኳ ቢያየው ይቀለዋል። የደንገል ታንኳ ደርቃ ውሃ ስትገባ ከዘጌ ማገዶ ቆልላ ትመጣለች። ደንገሉ ግን ውሃ ይጠጣል። በዋለች ቁጥር የራሷ ክብደት ይጨምራል፣ ጠርዟ ወደ ውሃው ዝቅ ይላል። ታንኳዋ ያችው ናት፣ ቀዛፊውም ያው ነው፤ የምትችለው እንጨት ግን ቀንሷል። ባለቤቷ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆማት ለዚህ ነው። ቤት የተሠራባት መኪና ውሃ እንደጠጣች ታንኳ ናት፤ ልዩነቱ ፀሐይ ላይ ብትውልም አለመቅለሏ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ጠቅላላ ክብደቷ 2,800 ኪሎ የተወሰነላት መኪና አለች እንበል። ወንበሮቿ ወጥተው፣ ነዳጅ ሞልታ፣ ሰው ሳይኖርባት 1,800 መዘነች። ቀሪው 1,000 ኪሎ ነው፤ ብዙ ይመስላል። 18 ሚሊሜትር ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጨመቀ ጣውላ) ሙሉ ቅጠሉ 35 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ለአልጋ፣ ለቁም ሳጥንና ለወለል 10 ቅጠል ከገባ 350 ኪሎ ሄደ። 40 በ40 የሆነ፣ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) በሜትር 1.8 ኪሎ ነው፤ 40 ሜትር ሲገባ 72። ውሃ 100 ሊትር ከነበርሜሉ 108። ሁለት ባለ 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 60። ባለ 12.5 ኪሎው ጋዝ ብረቱ ከጋዙ አይቀልምና ሲሞላ 27። ፍራሽና ትንሽ ፍሪጅ 55። ተጨማሪ ጎማና መፍቻ 55፣ ፖርቶ መጋላ (የጣራ ዕቃ መጫኛ) 40፣ ባልና ሚስቱ 140። ድምሩ 907 ኪሎ።

የቀረው 93 ኪሎ ነው። ልብስ፣ ድስት፣ ስንቅ፣ መድኃኒት፣ የውጭ ወንበር ገና አልተጫኑም። እንጅባራ ላይ «አዲስ አበባ ላሉት ልጆች» ተብሎ ሁለት ማዳበሪያ ከሰልና ግማሽ ኩንታል ድንች ከተገዛ አልቋል፤ ያውም ከሰሉ የሚወጣው ጣራ ላይ ነው። መፍትሔው የሚገኘው አናጢው ቤት ነው። ለግድግዳና ለመደርደሪያ 9 ሚሊሜትር ኮምፖርሳቶ (በስሱ ተደራርቦ የተጣበቀ እንጨት) ይበቃል፤ በገባበት ሁሉ የቺፑዱን ክብደት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቺፑድ ደግሞ እርጥበት ሲነካው አብጦ ብሎኑን ይለቃል፤ ለመኪና አይሆንም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው «ባሌስትራ (የቅጠል ብረት ሞላ) አስጨምሩ፣ አቅሟ ይጨምራል» የሚለው ምክር ነው። አይጨምርም! ጠቅላላ ክብደትን የሚወስነው ባሌስትራ ብቻ ሳይሆን ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማውና ሻንሲው ጭምር ነው፤ ገደቡም የሚቆመው ከሁሉ ደካማው ላይ ነው። አንድ ቅጠል የተጨመረላት መኪና ኋላዋ ቀና ይላል፣ ፍሬኗ ግን የትናንቱ ፍሬን ነው። ይባስ ብሎ፣ መጎንበሷ «በዛብኝ» የምትልበት ምልክት ነበር፤ ባሌስትራው ምልክቱን ደበቀው። ታንኳ ጠርዝ ላይ ጣውላ ቢያቆሙ ከፍ ብላ ትታያለች፣ ታንኳዋ ግን እንደሰመጠች ናት።

ጭነቱ የሚቀመጥበት ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማገዶው ሁሉ ወደ ኋላ ከተከመረ የታንኳዋ አፍንጫ ይነሣል፣ መቅዘፊያው አይታዘዝም። መኪናም እንዲሁ ናት። በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል 2.5 ሜትር ቢሆንና 100 ኪሎ ውሃ ከኋላ እግር 1 ሜትር አልፎ ቢሰቀል፣ ኋላው ላይ የሚያርፈው 140 ኪሎ ነው፤ ፊቱ በ40 ይቀላል። ፊቱ ሲቀል መሪው ይሳሳል። የውሃ በርሜል ቦታው በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ወለሉ ላይ ነው። አንድ ባለ 100 ከሚሆንም ሁለት ባለ 50 ይሻላል፤ ግማሽ የሆነ ትልቅ በርሜል ኩርባ ላይ እየተናጠ መኪናዋን ይገፋታል።

ጎማው ጎን ላይ 106/104 የሚል ካለ፣ 106 ማለት ነጠላ ጎማ 950 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ 104 ጥንድ ለሆኑ ጎማዎች ነው። ይህም የሚሠራው ነፋሱ በታዘዘለት ልክ ሲሆን ብቻ ነው። «ኮረኮንች ላይ ይለስልስ» ተብሎ ነፋስ የተቀነሰለት ጎማ የሚችለው ኪሎም ተቀንሷል። የተመረተበትን ቀንም እዩ፤ ከአራቱ አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ግምት ቀርቶ ሚዛን ነው። እህል ወይም አሸዋ የጫነ መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ይበቃል። ሁለት ጊዜ ይወጣል፦ ወንበሩ ተነቅሎ አናጢው ሳይጀምር፣ ከዚያም ቤቱ አልቆ፣ ውሃው ሞልቶ፣ ሁለቱም ተቀምጠው። በየጊዜው መጀመሪያ የፊት እግር ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላ እግር ብቻ፣ ከዚያ ሙሉዋ ትመዘን። ድምሩ ልክ ሆኖ የኋላው ብቻውን ከገደቡ ያለፈባት መኪና ብዙ ናት። ወንበር ከመንቀል በፊት ግን ትራንስፖርት ቢሮ ይጠየቅ፤ ሊብሬው የሰው ማመላለሻ እያለ ውስጧ መኝታ ከሆነ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ጣጣ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ኪሎ ሒሳቡን የሚጠይቀው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት በክብደቷ ልክ ያድጋል። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ ግን እስከ 140 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ አትቆምም። እንግዲህ ይህም እንደ ደንገሉ ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ከጉዞው በፊትም ይታይ።

ቁልቁለቱ ሳይጀመር ሁለተኛ ማርሽ ይግባ፤ ፍሬን ጠንከር ተደርጎ ይያዝና ይለቀቅ፣ እግር ተጭኖበት አይዋል። የበርሜሉ ውሃ ደጀን ላይ ወደ 20 ሊትር ይውረድ። 80 ኪሎ ሲቀንስ ማዶ ያለውን ዳገትም ያግዛል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚያጣ ጎሃ ጽዮን ሲቃረብ በግልጽ ይደክማል። በርሜሉ ፍቼ ላይ ይሞላል።