ስለ ጥልቁ ባሕር ፍጥረታት ስንሳሳት

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“ፀሐይ በማይደርስበት ሕይወት የለም”

ይህን በአንድ ወቅት ሳይንቲስቶችም ያምኑት ነበር። በ1840ዎቹ ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ ተመራማሪ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ምንም ነገር አይኖርም ብሎ ገምቷል። በ1872 ጉዞ የጀመረችው ቻሌንጀር የምትባል መርከብ ግን ከዚያ እጅግ ከጠለቀ ቦታ እንስሳት አወጣች።

ትልቁ ጉድ የታየው በ1977 ነው። ጋላፓጎስ አካባቢ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ከባሕሩ ወለል ፍል ውኃ ይፈልቃል። ዙሪያውን ሰው የሚያህሉ ትሎች ተተክለዋል። አፍ የላቸውም፣ አንጀትም የላቸውም። የሚመግቧቸው ሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ለሌላው ፍጥረት መርዝ በሆነው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ምግብ ይሠራሉ።

“ያልተገኙት ግዙፍ ጭራቆች ናቸው”

አይደሉም። አብዛኞቹ ትናንሽ ትሎች፣ የሽሪምፕ ዘመዶችና መሰሎቻቸው ናቸው። ብዙዎቹ ጭቃ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ስለሆኑ በቀላሉ አይታዩም።

“እዚያ ታች ባዶ በረሃ ነው፤ ማዕድኑ ቢወጣ ማን ይጎዳል?”

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል፣ ክላሪዮን ክሊፐርተን በሚባለው ሰፊ የፓስፊክ ወለል ላይ ጡጫ የሚያህሉ ጥቁር ድንጋዮች ተበትነዋል። ማንጋኒዝ፣ ኒኬልና ኮባልት አለባቸው። ኩባንያዎች የፍለጋ ፈቃድ ይዘው እየጠበቁ ነው። በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከዚያ አካባቢ ከተሰበሰቡት 5,578 ገደማ ዝርያዎች ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሳይንሳዊ ስም እንኳ አልወጣላቸውም። በረሃ የምንለው ስለማናውቀው ነው።

ድንጋዮቹ ራሳቸው ቤት ናቸው። ስፖንጅ የሚባሉት፣ ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ የባሕር እንስሳት የሚቆሙት እነሱ ላይ ነው። ፔሩ አካባቢ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ደግሞ ኦክቶፐሶች እንቁላላቸውን በሞቱ ስፖንጆች ግንድ ላይ ጥለው ሲታቀፉ ታይተዋል። ድንጋዩ ከተለቀመ ስፖንጁ የለም፤ ስፖንጁ ከሌለ እንቁላሉ የት ይጣላል?

“ቆይቶ ያገግማል” የሚሉም አሉ። አንዱ ድንጋይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ለማደግ ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። በ1989 ተመራማሪዎች ለሙከራ ሆን ብለው እዚያው ፔሩ አካባቢ የባሕሩን ወለል አርሰው ነበር። ከ26 ዓመት በኋላ ሲመለሱ ትልሙ ትናንት የታረሰ ይመስል ነበር።

በሕንድ ውቅያኖስ ፍል ውኃዎች ዙሪያ የምትኖር፣ እግሯ በብረት ቅርፊት የተሸፈነ ቀንድ አውጣም አለች። ገና በ2001 ነው የተገኘችው። በ2019 የባሕር ውስጥ ማዕድን ማውጣት ስለሚያሰጋት ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ገባች። ከተዋወቅናት 18 ዓመት ብቻ ሆኗት ነበር!

“ቆሻሻችን እዚያ ድረስ አይወርድም”

ወርዷል። በዓለም እጅግ ጥልቅ በሆነው የባሕር ሸለቆ፣ በማሪያና ስርጥ፣ ከ10,000 ሜትር በታች፣ ፌስታል ተገኝቷል። በዚያው ስርጥ፣ ከ6,000 ሜትር በታች፣ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳም ተያዘ። ሆዱ ሲታይ የውኃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፕላስቲክ የመጣ ቀጭን ክር ተገኘበት። በ2020 ስም ሲያወጡለት ዩሪቴኒስ ፕላስቲከስ አሉት።