ናኖቴክኖሎጂ በወሎ፦ ትምህርቱና የሥራ መስኩ

ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ናኖቴክኖሎጂ ቢያንስ በአንድ ጎናቸው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለኩ ቁሶችን ሠርቶ ሥራ ላይ የማዋል ሙያ ነው።

በወሎ ወደዚህ ሙያ የሚገባው በሌላ ትምህርት በር ነው፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ በኬሚስትሪ ወይም በፊዚክስ፣ በኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ በጨርቃጨርቅ ወይም በኬሚካል ምህንድስና። ናኖ በስሙ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በማስተርስ ነው፤ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። ዲፓርትመንት ሲመረጥ ስሙን ከማሳደድ መሠረቱን መያዝ ይሻላል።

ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚመረጠው በአብዛኛው የብር (የማዕድኑ) ናኖ ቅንጣት ነው፤ ብሩን ወደ ቅንጣት የሚለውጠውም የቅጠል ጭማቂ ነው፤ ሥራው ርካሽ ነው፣ ውጤቱም በዓይን ይታያል። 10 ግራም የታጠበ ቅጠል በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ፈልቶ ይጠለላል። 0.17 ግራም ሲልቨር ናይትሬት (የብር ጨው) በ1 ሊትር በዚሁ በተጣራ ውሃ ይሟሟል፤ ከዚህ 90 ሚሊ ሊትር ተወስዶ 10 ሚሊ ሊትር የቅጠል ጭማቂ ይጨመርበታል። ቀለሙ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ከሄደ ብሩ ቅንጣት እየሠራ ነው። ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ስለሚያጠቁር ጓንት ግድ ነው።

ውሃው እንደ ወተት ከነጣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የቧንቧ ውሃ ነው፤ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ብሩን አስሮ ያዘቅጠዋል። ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሹ የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚመጥ የሚለካ መሣሪያ) ላይ የብርሃን መምጠጡ ጫፍ ከ400 እስከ 450 ናኖሜትር ካልወጣ ቅንጣቱ አልተሠራ ይሆናል፤ ጫፉ ሰፍቶ ወደ ረጅሙ ሞገድ ከሸሸ ደግሞ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ይሆናል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል አካባቢ የተጻፈ «አፍላ» የሚል መመሪያ እዚህ በዚያው ደቂቃ ያንኑ ውጤት አይሰጥም። ሌላው የተለመደ ስህተት በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (በኤክስሬይ የቁስን ውስጣዊ አደራደር በሚያሳይ ምርመራ) የተገኘውን የክሪስታል መጠን የቅንጣቱ መጠን ብሎ መጻፍ ነው። አንዱ ቅንጣት ብዙ ክሪስታል ሊይዝ ይችላል።

የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ናኖቴክኖሎጂስት» የሚል መደብ እምብዛም አይገኝም። የሚወጣው ኬሚስት፣ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ የጨርቃጨርቅ መሐንዲስ፣ ረዳት መምህር ተብሎ ነው። ለወሎ ቅርቡ ዕድል የኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅና አልባሳት ሥራ ነው፦ ጨርቅን በብር ወይም በዚንክ ኦክሳይድ ነክሮ ተህዋስያንን እንዲከላከል ማድረግ፣ የማቅለሚያ ፍሳሽን በቲታኒየም ዳይኦክሳይድና በብርሃን ማጥራት። ተነክሮ የወጣ ጨርቅ በመጀመሪያው ቀን ብዙውን ጊዜ ጥሩ ውጤት ያሳያል። ገዢ የሚጠይቀው ግን ከብዙ እጥበት በኋላ ምን ያህሉ የብር ቅንጣት ጨርቁ ላይ እንደቀረ ነው፤ ቅንጣቱን ከጨርቁ ጋር የሚይዘው ማያያዣ ካልተስተካከለ ብሩ ከእጣቢው ጋር ይሄዳል።